የመኪና ጣሪያ በግቢ ሲቀባ ቤተሰብ እንዴት ይጠንቀቅ?



የመኪና ጣሪያ ቀለሙ ቶሎ ይረግፋል። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚመታው፣ የክረምቱም ዝናብ የሚያድርበት እሱ ነውና። ቀለሙ ሲረግፍ ብረቱ ይዝጋል፤ ዝገቱም እየቆየ ይበሳዋል። ስለዚህ ብዙ ሰው «ለጋራዥ ከምከፍል ራሴ ልቀባው» ይላል። ይህ አይነቀፍም። ነገር ግን ተፍቆ የሚወርደው ብናኝ ወዴት ይሄዳል?

አንድ ቀን ለቤት ጉብኝት ወደ አንድ ግቢ ገባሁ። አባትየው አሮጌ መኪና ላይ ወጥቶ ጣሪያውን በደረቁ ይፍቃል። እናትየው እዚያው አጠገብ ቡና ትቆላለች። የሁለት ዓመት ልጃቸው ከመኪናው ሥር የወረደውን ብናኝ በጣቱ እየነካ ይልሳል። እኔም ሰላምታዬን ሳልጨርስ ልጁን አነሣሁት።

ብናኙ ለምን ይጎዳል? በአሮጌ ቀለም ውስጥ እርሳስ የሚባል መርዛማ ማዕድን ሊኖር ስለሚችል ነው። ይህ ተማሪ የሚጽፍበት እርሳስ አይደለም። ልጅ ሲውጠው የደም ማነስ ያመጣበታል፣ አእምሮውን ይጎዳል፣ ትምህርትም ይከብደዋል። ትንሽ ስለሆነ አይጎዳም የሚባል መጠን የለውም። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ደንብ በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከሚሊዮን እጅ 90 እጅ እንዳይበልጥ ወስኗል። ከዚያ በፊት የተቀባ መኪና ግን ምን እንዳለበት በዓይን አይታወቅምና እርሳስ እንዳለበት ቆጥራችሁ ሥሩ።

1ኛ/ ቦታው። ጥላ ያለው፣ ነፋስ የማይበዛበት፣ ከማድ ቤትና ከውኃ ጉድጓድ የራቀ ይሁን። ከመኪናው ሥር ላስቲክ ዘርጉ። እንስራው፣ መሶቡ፣ የተሰጣው በርበሬና ልብሱ ይነሣ። ልጆች፣ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት አይጠጉ።

2ኛ/ መፋቅ። ጣሪያውን በሳሙና እጠቡ። የብርጭቆ ወረቀቱን ውኃ እየነከራችሁ ፋቁ፤ ለዝገቱ ቁጥር 120፣ ለማለስለሱ ቁጥር 400 ይበቃል። በደረቅ ሲፋቅ ብናኙ ይበተናል፤ በውኃ ሲፋቅ ግን ጭቃ ሆኖ ይቀራል። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ጠርጋችሁ ቶሎ አድርቁት፤ አለዚያ ብረቱ መልሶ ይዝጋል።

3ኛ/ መቀባት። መስተዋቱን በአሮጌ ጋዜጣ ሸፍኑ። በተራቆተው ብረት ላይ መጀመሪያ አንቲረስት ቀቡ። እሱ ሲደርቅ የዘይት ቀለም በሩሎ ስስ አድርጋችሁ ሁለት ሦስት ጊዜ ደርቡ፤ በየመካከሉም ይድረቅ። ወፍራም ቀለም ይንጠባጠባል፣ ይጨማደዳልም። ማድረቂያ ተቀላቅሎበት በመርጫ የሚረጨውን የመኪና ቀለም ግን ለባለሙያ ተዉት፤ ጭሱ አስም ሊያመጣ ይችላል፣ ነጠላ አፍ ላይ ማሰርም አያግደውም።

4ኛ/ አኳራጅና ቤንዚን። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ሄዶ የቡናውን ከሰል ያገኛል፤ እሳትም ይነሣል። ስለዚህ በዚያን ቀን ቡናው ከግቢው ርቆ ይፈላ። በለስላሳ ጠርሙስ አታስቀምጡ፤ ልጅ መጠጥ መስሎት ይጠጣዋል። ከጠጣም በፍጹም አታስመልሱት፤ ሲያስመልሰው ወደ ሳንባው ይገባል። ዕቃውን ይዛችሁ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ሩጡ።

5ኛ/ ከሥራ በኋላ። ጭቃውን ከነላስቲኩ ሰብስባችሁ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ዝጉት፤ አታቃጥሉት፣ ጎመኑ ላይም አትድፉት። የሠራው ሰው ምግብ ሳይቀምስና ልጅ ሳያቅፍ እጁንና ፊቱን በሳሙና ይታጠብ። ልብሱም ከሌላው ተለይቶ ይታጠብ።

መኪናው ቢያምር ደስ ይላል። ቀለሙ ቢበላሽ ደግሞ ተፍቆ እንደገና ይቀባል፤ ልጅ ግን ተፍቆ አይቀባም።