በእንግሊዝኛ ድርሰት ትክክለኛውን የቃል ቅርጽ እንዴት መምረጥ ይቻላል?

በኢትዮጵያ የሁለተኛ ደረጃ እና የከፍተኛ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ቋንቋ ነው። ለነጻ የትምህርት ዕድል እና ለሥራ የሚቀርቡ በርካታ ማመልከቻዎችም በዚሁ ቋንቋ ይጻፋሉ። ብዙ ቃላትን ያጠና ተማሪም ቢኾን ቃሉን በትክክለኛው ቅርጽ ካልተጠቀመበት ሊያስተላልፍ የፈለገው ሐሳብ ይዛባበታል።

የቃል ቅርጽ ማለት አንድ ቃል ግስ፣ ስም፣ ቅጽል ወይም ተውሳከ ግስ ኾኖ ሲያገለግል የሚይዘው መልክ ነው። ጉዳዩ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይደለም። "ዘራ" ድርጊቱን፣ "ዘር" የሚዘራውን፣ "ዘሪ" አድራጊውን፣ "አዘራር" ደግሞ የድርጊቱን ኹኔታ ያመለክታሉ። "አርሶ አደሩ ትናንት ጤፍ አዘራር" የሚል ሰው የለም፤ ጆሮ ወዲያው ስህተቱን ይለየዋልና።

እንግሊዝኛ ቅርጹን የሚለውጠው በአብዛኛው በቃሉ መጨረሻ ላይ ቅጥያ በመጨመር ነው። "ፕሮዲዩስ" ማምረትን የሚገልጽ ግስ ነው። "ፕሮዳክሽን" ስም ሲኾን "ፕሮዳክቲቭ" ምርታማ የሚል ቅጽል ነው፤ "ፕሮዳክቲቪቲ" ደግሞ ምርታማነት ማለት ነው።

ከእነዚህ መካከል ተገቢውን ለመምረጥ ቃሉ የሚገባበትን ቦታ ማየት ይረዳል። "ካን" እና "ዊል" ከመሳሰሉ ረዳት ግሶች ቀጥሎ ዋናው ግስ ይመጣል። ስምን የሚገልጽ ቃል ቅጽል፣ ድርጊቱ እንዴት እንደተፈጸመ የሚናገር ቃል ደግሞ ተውሳከ ግስ ይኾናል።

ይሁን እንጂ ቅጥያ ብቻውን አስተማማኝ ምልክት አይደለም። ብዙ ተውሳከ ግሶች በ"ሊ" ቢጨርሱም "ፍሬንድሊ" ቅጽል ነው። "አይ ወርክ ሃርድ" ተግቼ እሠራለሁ ማለት ሲኾን "አይ ሃርድሊ ወርክ" ግን ሥራ የምሠራው ከስንት አንዴ ነው ወደሚል ትርጉም ይቀየራል። ሥራ ፈላጊ ትጋቱን ሊገልጽ ብሎ ስንፍናውን ሊመሰክር ይችላል ማለት ነው። "አይ አም ቦርድ" ያለ ሰው መሰልቸቱን ሲናገር፣ "አይ አም ቦሪንግ" ያለ ግን ራሱን አሰልቺ ነኝ ብሏል።

አዲስ ቃል የሚያጠና ተማሪ የቃሉን ቤተሰቦች በአንድ መስመር ጽፎ ለእያንዳንዳቸው አንድ ዓረፍተ ነገር ቢሠራ ይጠቀማል። ድርሰቱን ሲጨርስም "ይህ ቃል እዚህ ምን ሥራ ይሠራል?" እያለ መልሶ ማንበብ፣ በተጠራጠረ ጊዜም መዝገበ ቃላት ማየት ይኖርበታል።