የቪኒል ወንበር አጠባበቅ

በጀልባም ሆነ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ታክሲ ወንበር ላይ የሚለበጠው ቪኒል ቆዳ ይመስላል እንጂ ቆዳ አይደለም። በተፈጥሮው ደረቅ ነበርና፥ በ1926 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ሊቅ ዋልዶ ሴመን በቅመም አለሰለሰው።

ፀሐይና ሙቀት ይህን ቅመም ቀስ በቀስ ሲያወጡት ልባሱ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁም ውኃ ገብቶ ስፖንጁን ያሻግተዋል። አልትራቫዮሌት የተባለው የፀሐይ ጨረር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ከመቶ 10 ያህል ስለሚበረታ፥ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ በተቆረቆረችው አዲስ አበባ ጉዳቱ ይፋጠናል።

ስለዚህ ወንበሩን ለብ ባለ ውኃና በጥቂት ሳሙና አጥቦ፥ በለስላሳ ጨርቅ አድርቆ፥ በጥላ ማኖር ይገባል። ቤንዚንና በረኪና ልባሱንና ስፌቱን ይጎዳሉ፤ እርጥቡን ከሸፈኑትም ይሻግታል። የጥቂት ደቂቃ ትጋት የግልን ኪስም የመንግሥትን ንብረትም ከከንቱ ወጪ ያድናል።