ያለፈበት ሰው «አይዞህ» ሲል

አሜሪካዊው ደራሲ ሬይኖልድስ ፕራይስ በሰሜን ካሮላይና በሚገኘው ዱክ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1984 አንድ ቀን በግቢው ውስጥ አብሮት የሚራመድ ወዳጁ የፕራይስ አንድ እግር መሬቱን በጥፊ እንደሚመታ ሁሉ እየጮኸ ሲረግጥ ሰማና ምን ሆኖ እንደሆነ ጠየቀው። ፕራይስ እስከዚያች ሰዓት ልብ አላለውም ነበር። ብዙ ሳይቆይ ምክንያቱ ታወቀ። በሕብለ ሰረሰሩ ውስጥ ርዝመቱ 25 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ውፍረቱ እርሳስ የሚያህል ዕጢ ተጋድሞ ተገኘ። በዚያው ዓመት ቀዶ ሕክምና ቢደረግለትም ዕጢው ከነርቩ ጋር ተሳስሮ ስለነበር አብዛኛው ሊወጣ አልቻለም። የጨረር ሕክምና ተከተለ፤ ሁለቱም እግሮቹ ከዱት።

በእነዚያ ወራት ፕራይስ አጥብቆ የፈለገው እሱ የገባበትን መንገድ አስቀድሞ የሄደበት ሰው ታሪክ ነበር። እንደ ልቡ የሚሆን አላገኘም። ስለዚህ ራሱ ጽፎ እ.ኤ.አ. በ1994 አሳተመውና «ፍጹም አዲስ ሕይወት» ብሎ ሰየመው። ደራሲ የሆነ ሰው ያጣውን መጽሐፍ ጽፎ ያወጣዋል፤ ሌላው ታማሚ ግን «ከእንግዲህ ምን ይጠብቀኛል?» የሚለውን ጥያቄ ይዞ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ ያድራል። ጥያቄው ደግሞ መልስ አለው። ከፊሉን ሐኪም፣ ከፊሉን ያንን አልጋ ያየ ሰው ይመልሰዋል።

የትንሽ ጣት ውፍረት

ሕብለ ሰረሰር ከአንጎል ሥር ተነሥቶ በአከርካሪ አጥንቶች ቀዳዳ ውስጥ ቁልቁል የሚወርድ የነርቭ ገመድ ነው። በአዋቂ ሰው ርዝመቱ ከ42 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ውፍረቱ ከትንሽ ጣት ብዙም አይበልጥም። ከእሱ የሚወጡት 31 ጥንድ ነርቮች ክንድን፣ ደረትን፣ እግርን፣ ፊኛንና አንጀትን ያገለግላሉ። የመንቀሳቀስ ትእዛዝ ከላይ ወደ ታች ይወርድበታል። የሙቀትና የሕመም ስሜት በራሱ መስመር ወደ ላይ ይወጣል። በገመዱ የጀርባ ወገን ባሉት ዓምዶች ደግሞ ብዙዎቻችን ስም የማንሰጠው አንድ ስሜት ያልፋል፤ ይኸውም ሳናይ እግራችን የት እንዳለ የምናውቅበት ስሜት ነው።

ይህ ሁሉ የሚያልፍበት ቦታ በአጥንት የታጠረ ስለሆነ ዕጢ ሲበቅልበት የሚሸሽበት የለም። ካንሰር ያልሆነ፣ ቀስ ብሎ የሚያድግ ዕጢ እንኳ ገመዱን እየገፋ ሽባ ሊያደርግ ይችላል። ሐኪሞች ዕጢዎቹን በቦታቸው በሦስት ይከፍሏቸዋል። አንደኞቹ ከገመዱ መሸፈኛ ውጭ ያሉት ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ ከሌላ የሰውነት ክፍል የተሠራጩ ካንሰሮች ናቸው። ሁለተኞቹ ከመሸፈኛው ውስጥ ሆነው ገመዱን ከጎን የሚገፉት እንደ ሜኒንጂዮማና ሽዋኖማ ያሉት ናቸው። ሦስተኞቹ እንደ ኢፔንዲሞማና አስትሮሳይቶማ በራሱ በገመዱ ሥጋ ውስጥ የሚበቅሉት ናቸው። የፕራይስ ዕጢ ከዚህ ከመጨረሻው ወገን ነበር።

ምልክቱ ቀስ ብሎ ስለሚመጣ ያዘናጋል። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚመጣው የጀርባ ወይም የአንገት ሕመም ነው፤ ጋደም ሲሉ ይብሳል፣ ከእንቅልፍም ይቀሰቅሳል። ደረትን ወይም ሆድን እንደ ጠበቀ መቀነት ዙሪያውን የሚይዝ ስሜትም ሊኖር ይችላል። ከዚያ እግር ይከብዳል፣ ነጠላ ጫማ ከእግር ወልቆ ሲቀር አይታወቅም፣ ሙቁ ውኃ ከቀዝቃዛው አይለይም፣ ሽንት እምቢ ይላል ወይም ያመልጣል። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ሰው «ብርድ ነው»፣ «ዲስክ ነው» ሲባል ይከርማል። አከርካሪን የሚይዝ ቲቢም ተመሳሳይ ምልክት ያሳያል። አንዱን ከሌላው ለመለየት ዋናው መሣሪያ ኤምአርአይ ነው። እግር እየደከመ ወጌሻ ዘንድ ሄዶ ጀርባን መታሸት ጊዜን ማቃጠል ብቻ ሳይሆን አደጋም ነው። ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚኖረውን አቅም በእጅጉ የሚወስነው ታማሚው ወደ ቀዶ ሕክምናው ሲገባ የነበረው አቅም ነውና። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለው ብሂል እዚህ ላይ ቃል በቃል ይሠራል።

ቢላዋው የሚያልፍበት መስመር

የሕብለ ሰረሰርን ዕጢ በቀዶ ሕክምና በማውጣት የመጀመሪያው ዝነኛ ድል የተመዘገበው እ.ኤ.አ. ሰኔ 9 ቀን 1887 ለንደን ውስጥ ነው። ሐኪሙ ዊሊያም ጋወርስ ሽባ የሆነ አንድ የጦር መኮንን መርምሮ ዕጢው የሚገኝበትን ቦታ በምልክት ብቻ ገመተ፤ ቪክተር ሆርስሊ ቀዶ ሕክምናውን አደረገ። መጀመሪያ በከፈቱበት ቦታ ዕጢው አልነበረም። ወደ ላይ ተጨማሪ አጥንት ሲያነሡ ተገኘ። መኮንኑ ድኖ በእግሩ ሄደ። ያ ዕጢ ግን ገመዱን ከውጭ የሚገፋ ነበር። ገመዱ ውስጥ ያለውን ማውጣት ሌላ ድፍረት ጠየቀ። የኒው ዮርኩ ቀዶ ሐኪም ቻርልስ ኤልስበርግ እ.ኤ.አ. በ1911 ያሳተመው ዘዴ የትዕግሥት ዘዴ ነው። ገመዱን በጥንቃቄ ሰንጥቆ ይተወዋል፤ ዕጢው በራሱ ግፊት እየወጣ ሲመጣ ከሳምንት ገደማ በኋላ ተመልሶ ያነሣዋል።

ዛሬ ኤምአርአይ የዕጢውን ቦታ አስቀድሞ ያሳያል። ማይክሮስኮፕ የፀጉር ያህል የቀጠነውን የደም ሥር አጉልቶ ያቀርባል። በድምፅ ሞገድ የሚሠራ መሣሪያ ዕጢውን ከውስጡ እየፈረፈረ ይመጠዋል። ታማሚው ማደንዘዣ ውስጥ ሳለ ከአንጎል ወደ እግር፣ ከእግር ወደ አንጎል ትንንሽ የኤሌክትሪክ ምልክቶች ይላካሉ፤ ምልክቱ ሲዳከም ቀዶ ሐኪሙ እጁን ያቆማል። ፕራይስም እ.ኤ.አ. በ1986 ዳግም ቀዶ ሕክምና ሲደረግለት አዳዲሶቹ መሣሪያዎች ዱክ ደርሰው ስለነበር፣ መጀመሪያ እምቢ ያለው ዕጢ ሊወጣለት ቻለ። እግሮቹ አልተመለሱም፤ እሱ ግን እስከ እ.ኤ.አ. 2011 ድረስ ኖረ፣ አስተማረ፣ ጻፈ። በኢትዮጵያም የነርቭ ቀዶ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን እ.ኤ.አ. በ2006 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተጀምሯል፤ ከዚያ በፊት ይህን ሙያ የሚማር ሐኪም ባሕር ማዶ መሄድ ነበረበት።

ማግስቱ

ገመዱ ውስጥ ላለ ዕጢ ቀዶ ሐኪሙ አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው ከኋላ፣ በሁለቱ የጀርባ ዓምዶች መካከል ባለችው ቀጭን መስመር ነው። የእግርን አቀማመጥ የሚነግሩት ዓምዶች እነዚያው ናቸው። ስለዚህ ዕጢው በሙሉ ወጥቶለት፣ እግሩም አቅም እያለው፣ ታማሚው ሲቆም ወለሉ ጥጥ የሆነበት ይመስለዋል። እግሩን ዝቅ ብሎ ሲያይ ይራመዳል፤ ዓይኑን ሲጨፍን ወይም መብራት ሲጠፋ ይንገዳገዳል። ይህን አስቀድሞ ያልሰማ ሰው ቀዶ ሕክምናው የተበላሸ መስሎት ተስፋ ይቆርጣል። የሰማ ሰው ግን ዓይኑ ለጊዜው የእግሩን ሥራ ደርቦ እየሠራ መሆኑን ያውቃል።

ከቀዶ ሕክምና በኋላ ለጊዜው መባስ የተለመደ ነው። ገመዱ ተነክቷል፣ አብጧል። ከዚያ በኋላ ያለው መመለስ በሳምንታትና በወራት ይቆጠራል፤ ከዓመት በላይም ሊቀጥል ይችላል። የሞቱ ነርቮች እንደ ቆዳ አይተኩም። የቀሩት መስመሮች ግን በተደጋጋሚ ልምምድ ይጠናከራሉ፤ አንጎልም አዲስ መሄጃ ያገኛል። ፊዚዮቴራፒ ሕክምናው ካለቀ በኋላ የሚመረቅ ተጨማሪ ነገር አይደለም፤ የሕክምናው ሁለተኛ ክፍል ነው። የሚያቃጥል ወይም እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝር ሕመምም አብዛኛውን ጊዜ ተራ ማስታገሻ አይበግረውም፤ ለነርቭ ሕመም የሚታዘዙ መድኃኒቶች ስላሉ ችሎ ከመተኛት ለሐኪም መንገር ይበጃል።

ሁለት ዓይነት አይዞህ

እኛ የታመመ ሰው በመጠየቅ አንታማም። አልጋው ዙሪያ ሰው ይሞላል፣ ብርቱካኑና ሾርባው ይደረደራል፣ «እግዜር ይማርህ» ይባላል። ይህ ፍቅር ነው፤ ዋጋውም ትልቅ ነው። ነገር ግን ጠያቂው ሁሉ «አይዞህ፣ ትነሣለህ» ብሎ ሲወጣ ታማሚው በልቡ «አንተ በምን አወቅህ?» ማለቱ አይቀርም።

ሳይንስም ልዩነቱን ያውቀዋል። የሥነ ልቡና ሊቁ አልበርት ባንዱራ እ.ኤ.አ. በ1977 ሰው «እችላለሁ» የሚለው እምነቱ ከየት እንደሚመነጭ ሲያስረዳ አራት ምንጮችን ጠቀሰ። ትልቁ ራስ ሠርቶ ማየት ነው። ቀጥሎ ራሱን የሚመስል ሰው ሲችል ማየት ይመጣል። የሌላ ሰው ማበረታቻ ብቻውን ከሁለቱም ይደክማል። አራተኛው የገዛ ሰውነት ስሜት፣ ድካሙና ጭንቀቱ ነው። የጠያቂው አይዞህ ማበረታቻ ነው። በዚያው አልጋ ተኝቶ ዛሬ ምርኩዙን ይዞ በበሩ የሚገባ ሰው ግን አፉን ሳይከፍት ማስረጃ ነው።

አትላንታ በሚገኘው የሼፐርድ ማዕከል ሕብለ ሰረሰራቸው በተጎዳ ሰዎች ላይ የተደረገ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት ይህን ፈትኗል። ታካሚዎቹ በዕጣ ተከፍለው ለአንደኛው ወገን ከጉዳቱ ጋር የኖረ አማካሪ በቅርብ ተመደበለት። በዚህ ወገን ያሉት በራሳቸው ላይ ያላቸው እምነት የበለጠ አደገ፤ ከቤት ከገቡ በኋላም ባልታሰበ ሕመም ሆስፒታል የተኙባቸው ቀናት አነሱ። የሁሉም ጉዳት ከዕጢ ባይሆንም ፊኛው፣ አልጋውና ዊልቸሩ አንድ ናቸው።

የእኛው የማራቶን ጀግና አበበ ቢቂላም በዚህ መንገድ አልፏል። እ.ኤ.አ. በ1969 በመኪና አደጋ ሕብለ ሰረሰሩ ተጎድቶ በእንግሊዝ ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ለወራት ታከመ። በዚያ ሆስፒታል ሐኪሙ ሉድቪግ ጉትማን ዊልቸር ላይ ያሉ ሰዎች አብረው እንዲወዳደሩ እ.ኤ.አ. በ1948 የጀመረው ውድድር፣ በኋላ ለፓራሊምፒክ መነሻ ሆኗል። በሮምና በቶኪዮ በእግሩ ያሸነፈው አበበ እ.ኤ.አ. በ1970 በስቶክ ማንዴቪል ውድድር ቀስት ይዞ፣ እንደ እሱ ከተቀመጡ ሰዎች ጋር ተሰለፈ።

ከሕመምተኛ ወደ ሕመምተኛ

እንዲህ ያለው መደጋገፍ ትልቅ ድርጅት እስኪመሠረት መጠበቅ የለበትም። ለእድርና ለማኅበር ባዕዳን አይደለንም። ከቀዶ ሕክምና ያገገመ ሰው ለሐኪሙ ወይም ለፊዚዮቴራፒስቱ «እንደ እኔ ያለ ሰው ከመጣና ከፈለገ ስልኬን ስጠው» ቢል ሥራው ተጀመረ ማለት ነው። አስታማሚዎችም የራሳቸው ጓድ ያስፈልጋቸዋል። በየሁለት ሰዓቱ የሚያገላብጡት፣ ሽንት የሚከታተሉት፣ ከሁሉ ኋላ የሚተኙት እነሱ ናቸውና።

ጥንቃቄም አለው። የአንዱ ዕጢ የሌላው ዕጢ አይደለም፤ ቦታው፣ ዓይነቱና መጠኑ ይለያያል። ስለዚህ ያለፈበት ሰው የራሱን ታሪክ ይናገራል እንጂ የሌላውን መጨረሻ አይተነብይም፣ መድኃኒትም አያዝም፣ አይከለክልም። ከቁስሉ ንጹሕ ፈሳሽ ሲወጣ፣ ቀና ሲሉ የሚብስ ራስ ምታት ወይም ትኩሳት ሲመጣ፣ እግር በድንገት ሲደክም ወይም ሽንት ሲቆም ምክር የሚጠየቀው ወዳጅ ሳይሆን ሐኪም ነው፤ ያውም በዚያው ቀን።

ከዚህ የተረፈው፣ በሐኪም ወረቀት ላይ የማይጻፈው ብዙ ነገር ያለፉበት ሰዎች ድርሻ ነው። ውኃውን በእግርህ አትሞክር፣ ስሜቱ ባልጠፋ እጅህ ሞክረው። ነጠላ ጫማ ተውና ተረከዝ የሚይዝ ጫማ አድርግ። ሌሊት ወደ መጸዳጃ ቤት ስትነሣ እግርህ የት እንዳለ ዓይንህ ነው የሚነግርህ፤ ስለዚህ የኮሪደሩን መብራት አታጥፋ። ይህን የሚናገረው አንድ ጊዜ በጨለማ ወድቆ ያወቀ ሰው ነው። ዛሬ ማታ አንድ ቤት ውስጥ ያ መብራት በርቶ ካደረ፣ የእሱ መውደቅ ለሌላው መቆሚያ ሆኗል።