የብቅሉ ጭማቂ ሲቀጥን፤ ጥፋቱ የጋኑ ነው ወይስ የማሳው?

በባሕር ዳር መንደሮች በእንጨት ጫፍ ላይ የተደፋ ጣሳ ከታየ፣ እዚያ ቤት ጠላ እንዳለ ማንም ያውቃል። ከዘጌ ባሕረ ገብ ምድር የሚመጣው ጌሾ፣ ከደጋው የሚወርደው ገብስና የአካባቢው ዳጉሳ በአንድ ጋን ተገናኝተው የብዙ እናቶችን ጓዳ ይደጉማሉ። ደንበኛው ቀምሶ “ዛሬስ ቀጥኗል” ያለ ዕለት ግን የሳምንቱ ድካምና የእህሉ ዋጋ አብረው ይጎዳሉ። ውሃው፣ ጋኑ፣ ጌሾው ሁሉ ይጠረጠራል። ገብሱ የበቀለበት ማሳ ግን እምብዛም አይነሳም።

ላገር ቢራን በአነስተኛ ዕቃ በቤቱ የሚጠምቅ ሰውም ይኸው ችግር ይገጥመዋል። ልዩነቱ፣ መቅጠኑን በምላሱ ከመቅመሱ በፊት በመለኪያ ማየት መቻሉ ነው። መለኪያው ሃይድሮሜትር ይባላል፤ በፈሳሽ ላይ የሚንሳፈፍ ባለ ቁጥር የመስታወት ዘንግ ነው። በጭማቂው ውስጥ የሟሟ ስኳር ሲበዛ ከፍ ይላል፣ ሲያንስ ይሰምጣል። ንጹሕ ውሃ 1.000 ሲያነብ፣ ለተለመደ ላገር የተዘጋጀ የብቅል ጭማቂ እርሾ ከመግባቱ በፊት 1.048 ገደማ ያነባል። ይህም ከጭማቂው ክብደት 12 በመቶ ያህሉ ከብቅል የወጣ፣ በአብዛኛው ስኳር የሆነ ንጥረ ነገር ነው ማለት ነው።

ጠማቂው 1.048 ጠብቆ 1.040 ወይም ከዚያ በታች ቢያነብ ምን ያድርግ? መልሱ በቅደም ተከተል መፈተሽ ነው። ቀላሉ ይቀድማል፤ ብቅሉን መውቀስ መጨረሻ ይመጣል።

መጀመሪያ መለኪያው

ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ጭማቂው ሳይሆን ንባቡ ነው። አብዛኛው ሃይድሮሜትር የተሠራው በ20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ እንዲያነብ ነው። ትኩስ ፈሳሽ ስለሚሳሳ ቁጥሩን ዝቅ ያደርገዋል። ትክክለኛ እፍግታው 1.048 የሆነ ጭማቂ 60 ዲግሪ ላይ እያለ ቢለካ 1.032 ገደማ ያሳያል። በመሆኑም ናሙናውን ማቀዝቀዝ፣ ጭማቂውን ከመቅዳት በፊት በደንብ ማማሰል፣ ዘንጉ ላይ የተጣበቀ አረፋ ካለም ማራገፍ ያስፈልጋል። ስኳር የበዛበት ጭማቂ ከታች፣ ውሃ የበዛበት ከላይ ስለሚቀመጥ፣ ሳይማሰል ከላይ የተቀዳ ናሙና አሳሳች ነው። መለኪያውን በ20 ዲግሪ ንጹሕ ውሃ ውስጥ አስገብቶ 1.000 ማንበቡን ማረጋገጥም ደቂቃ አይፈጅም።

የሚለካበት ጊዜም ወሳኝ ነው። እርሾ ሥራውን ከጀመረ በኋላ ስኳሩን ስለሚበላው ቁጥሩ መውረዱ ጤነኛ ምልክት እንጂ ጉድለት አይደለም። ጠላ ላይ ይህን መለኪያ ለመጠቀም የሚያስቸግረውም ይኸው ነው። በድፍድፉ ውስጥ ስታርች ወደ ስኳር የሚለወጠውና ስኳሩ የሚብላላው በአንድ ጊዜ ስለሆነ፣ መነሻው ይህ ነበር ብሎ መናገር አይቻልም።

ቀጥሎ ውሃው

ንባቡ ትክክል ከሆነ ቀጥሎ የሚታየው መጠኑ ነው። 22 ሊትር ያቀደ ሰው 25 ሊትር ጭማቂ ካገኘ፣ ስኳሩ ሳይጎድል ተበትኖ 1.048 የነበረው 1.042 ገደማ ይሆናል። መፍትሔውም ቀላል ነው፤ ስኳር በእንፋሎት አይወጣምና ክዳን ሳይደፉ ተጨማሪ ጊዜ አፍልቶ ወደ 22 ሊትር መመለስ ነው። ምድጃ ላይ ከመጣዱ በፊት ሊትሩን በምልክት ማወቅ ግን ከዚህ ይሻላል።

ሙቀቱና ወፍጮው

መጠኑም ልክ ከሆነ፣ ስኳሩ ከብቅሉ በሚገባ አልወጣም ማለት ነው። የተፈጨ ብቅል በሙቅ ውሃ ተዘፍዝፎ ስታርቹ ወደ ስኳር የሚለወጠው ከ63 እስከ 68 ዲግሪ ባለው ሙቀት፣ በተለምዶ ለአንድ ሰዓት ያህል ሲቆይ ነው። ከዚያ በእጅጉ ከቀዘቀዘ የገብሱ ስታርች በወጉ አይፈታም፤ ከጋለ ደግሞ ስታርቹን የሚፈታው ኢንዛይም ይሞታል።

እዚህ ላይ የባሕር ዳር ከፍታ የራሱ ወጥመድ አለው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቴርሞሜትሩን በፈላ ውሃ ፈትሾ 94 ሲያነብ “6 ዲግሪ ይጎድለዋል” ብሎ የሚደምር ሰው፣ 66 ላይ ነኝ ሲል በእርግጥ 60 ላይ ነው። የቀጠነ ጭማቂ የሚያገኘውም ለዚህ ነው። መፈተኛው በሚሟሟ በረዶ 0 ዲግሪ፣ በፈላ ውሃ ደግሞ 94 ገደማ መሆን አለበት።

ወፍጮውም ይታያል። ፍሬው ሳይሰነጠቅ ካለፈ ውሃው ስታርቹን አያገኘውም። እንደ ዱቄት ከላመ ደግሞ ይጋገርና ጭማቂው አልወርድ ይላል። ፍሬው ተሰባብሮ ገለባው በአመዛኙ ሳይደቅ የቀረ ብቅል ተመራጭ ነው። ስታርቹ መለወጡን ለማወቅ ከመድኃኒት ቤት የሚገኝ አዮዲን ይበቃል። ጥቂት ጭማቂ በነጭ ሳሕን ላይ አፍስሶ አዮዲን ጠብ ሲደረግበት ወደ ጥቁር ሰማያዊ ከተለወጠ ስታርች ቀርቷል፤ ተጨማሪ ጊዜ ይሰጠው። የተፈተነው ናሙና ይደፋል እንጂ ወደ ጋኑ አይመለስም።

ብቅሉ መጨረሻ ይጠየቃል

ይህ ሁሉ ተፈትሾ ቁጥሩ አልነሳ ካለ ጥያቄው ወደ ብቅሉ ይዞራል። ማረጋገጫው ዕቃውን፣ ውሃውን፣ ሙቀቱንና ሰዓቱን ሳይለውጡ ሌላ ብቅል በትንሹ ሞክሮ ማወዳደር ነው። ሁለተኛው ከተሻለ የመጀመሪያው ብቅል ደካማ ነው።

ብቅል በአዘገጃጀትም ይበላሻል። ገብሱ ተዘፍዝፎ ሳይበቅል ከደረቀ ኢንዛይሙ በቂ አይሆንም፤ ቡቃያው ከልክ በላይ ከረዘመ ስታርቹን ራሱ ይበላዋል። እርጥብ እያለ በኃይለኛ እሳት ከደረቀ ኢንዛይሙ ይቃጠላል። አሻሮ ቀለምና ሽታ የሚሰጠውን ያህል ስታርች የመፍታት አቅም የሌለውም ስለተቆላ ነው።

ከዚያ በፊት ያለው ድርሻ ግን የአርሶ አደሩ ነው። ለብቅል የሚፈለገው ገብስ የፕሮቲን መጠኑ በአብዛኛው ከ9 እስከ 12 በመቶ፣ የመብቀል አቅሙ 95 በመቶና ከዚያ በላይ፣ እርጥበቱም ከ13 በመቶ ያልበለጠ ነው። ፕሮቲን ሲበዛ የስታርች ድርሻ ይቀንሳል፤ ከስታርች ጋር ስኳሩም ይቀንሳል። ዩሪያን ከሚመከረው መጠን በላይ ወይም ዘግይቶ መጨመር ፕሮቲኑን ከሚያንሩ ምክንያቶች አንዱ ነው።

ሌላው ቅልቅል ነው። ሆልከር፣ አይቦን 174/03 ወይም ትራቭለር የተባሉት የቢራ ገብስ ዝርያዎች ከምግብ ገብስ ጋር በአንድ ጆንያ ከገቡ ውሃ የሚጠጡበትና የሚበቅሉበት ፍጥነት ይለያያል። አንዱ ሲደርስ ሌላው ገና ነው። በማሳው ላይ እንዳለ ዝናብ መትቶት የጎነቆለ፣ በአውድማ የተሰባበረ፣ በጎተራ ነቀዝ የበላው ወይም እርጥበት ያጠቃው ፍሬም አይበቅልም፤ ጆንያውን ይሞላል እንጂ ብቅል አይሆንም።

ለገበሬውም ለወረዳውም

ጉዳዩ ከቤት ጠመቃ የሰፋ ነው። ጎንደር ከ1992 ዓ.ም ጀምሮ የዳሽን ቢራ ፋብሪካ መቀመጫ ናት፤ የብቅል ፋብሪካም አላት። ደብረ ብርሃንም እንዲሁ የቢራና የብቅል ማምረቻዎችን አቅፋለች። ዳባት፣ ወገራ፣ ፋርጣ፣ ላይ ጋይንትና ባንጃን የመሳሰሉ ገብስ አብቃይ ወረዳዎች ገበያው አጠገባቸው ነው። ፋብሪካ ደግሞ ገብሱን በላቦራቶሪ ለክቶ ይቀበላል፤ ጉድለት ካገኘ ዋጋው ይወርዳል ወይም ጭነቱ ይመለሳል። ከወረዳ እስከ ፋብሪካ የተከፈለው የመጓጓዣ ገንዘብ ግን አይመለስም።

አንዱን ፈተና አርሶ አደሩ ያለ ላቦራቶሪ በቤቱ ሊያደርገው ይችላል። ከልዩ ልዩ ጆንያ የተውጣጡ 100 ፍሬዎችን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ ጨርቁ እንዳይደርቅ እየጠበቀ ሦስት ቀን ማቆየትና የበቀሉትን መቁጠር ነው። 95ና ከዚያ በላይ ከበቀሉ መልካም ነው። አዲስ የተወቃ ገብስ ለጥቂት ሳምንታት ሊተኛ ስለሚችል፣ ቁጥሩ ካነሰ ቆይቶ መድገም ይገባል። ያኔም ካልበቀለ ፋብሪካ በር ላይ ከመዋረድ ለምግብ ማዋል ይሻላል።

የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶችና የቀበሌ ልማት ጣቢያ ሠራተኞች ድርሻም እዚሁ ላይ ነው። ዝርያው ሳይቀላቀል እንዲዘራ፣ ማዳበሪያው በልኩና በወቅቱ እንዲገባ፣ ምርቱ ደርቆ እንዲወቃና በየማሳው ተለይቶ እንዲከማች መከታተል ከማንኛውም ስብሰባ ይበልጣል። ምርቱ በየማሳው ተለይቶ ከተመዘገበ፣ ብቅሉ ደካማ ሲሆን የትኛው ማሳና የትኛው አሠራር እንደጎዳው ይታወቃል፤ ካልተመዘገበ ግን የአንዱ ጥፋት በሁሉም ላይ ይወድቃል።

የላገር እርሾ ከ8 እስከ 13 ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜ ሳምንታት ይሠራል። በመጀመሪያው ቀን የታየ ስሕተት ያን ሁሉ ሳምንት ያድናል፤ በማሳ ላይ የታረመ ደግሞ የዓመቱን ምርት። አበው “ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ” እንዲሉ፣ ጭማቂው የቀጠነበት ጠማቂ መለኪያውን፣ ውሃውን፣ ሙቀቱንና ወፍጮውን ፈትሾ ከጨረሰ በኋላ፣ ቀጣዩ ጥያቄ ገብሱ ከየት ማሳ እንደመጣ መሆን አለበት።