የማርሻል ዩኒቨርሲቲ የ1971 የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን

የማርሻል ዩኒቨርሲቲ የ1971 ቡድን በአሜሪካ ዌስት ቨርጂኒያ ግዛት፣ ሀንቲንግተን ከተማ የሚገኘውን ማርሻል ዩኒቨርሲቲ ወክሎ በ1971 የውድድር ዘመን የተጫወተ የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን ነው። ዩኒቨርሲቲው አብዛኞቹን ተጫዋቾቹንና አሠልጣኞቹን በአውሮፕላን አደጋ ካጣ ከአሥር ወራት በኋላ የተቋቋመ ሲሆን፣ በብዛት የአንደኛና የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች ነበሩበት። ካደረጋቸው 10 ጨዋታዎች 2ቱን አሸንፎ በ8ቱ ተሸንፏል። ይህ ውጤት በሠንጠረዥ ላይ ሲታይ ደካማ ቢሆንም፣ ቡድኑ በአሜሪካ የኮሌጅ ስፖርት ታሪክ በብዛት ከሚታወሱት አንዱ ነው። ምክንያቱም የዚያ ዓመት ዋና ጥያቄ ዩኒቨርሲቲው ከዚያ በኋላ ቡድን ይኖረዋል ወይስ አይኖረውም የሚል ነበር።

በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ጨዋታው

የአሜሪካ እግር ኳስ በኢትዮጵያ ከሚታወቀው እግር ኳስ የተለየ ነው። ኳሱ ሞላላ ሲሆን በአብዛኛው የሚያዘውና የሚወረወረው በእጅ ነው። በሜዳ ላይ ከእያንዳንዱ ወገን 11 ተጫዋቾች ይሰለፋሉ። ኳሱን የያዘው ቡድን ቢያንስ 10 ያርድ (9 ሜትር ገደማ) ወደፊት ለመግፋት አራት ሙከራ ይሰጠዋል። ከተሳካለት ሌላ አራት ሙከራ ያገኛል፤ ካልተሳካለት ኳሱ ለተጋጣሚው ይሰጣል። ኳሱን ይዞ የተጋጣሚው መጨረሻ ክልል መግባት «ታችዳውን» ይባላል፤ 6 ነጥብም ያስገኛል። ከዚያ በኋላ በእግር ተመትቶ በምሰሶዎቹ መካከል የሚያልፍ ኳስ 1 ነጥብ ይጨምራል። በጨዋታ መካከል በእግር ተመትቶ የሚገባው «ፊልድ ጎል» ደግሞ 3 ነጥብ አለው።

የሚያጠቁትና የሚከላከሉት ተጫዋቾች የተለያዩ በመሆናቸው አንድ ቡድን በርካታ ተጫዋቾች ያስፈልጉታል። ጨዋታው ግፊያና መጠላለፍ የበዛበት ስለሆነም የሰውነት ክብደትና ጉልበት ትልቅ ቦታ አላቸው። በ18 ዓመት ወጣትና ለአራት ዓመት ሲሠለጥን በቆየ የ22 ዓመት ተጫዋች መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ ነው።

የኮሌጅ ቡድን ከክለብ በምን ይለያል?

ክለብ ጥሩ ተጫዋቹን ውል እያደሰ ለብዙ ዓመታት ሊያቆየው ይችላል። የኮሌጅ ቡድን ግን ተጫዋቾቹ ተማሪዎች ስለሆኑ ተመርቀው ይወጣሉ። ይህ በደሴና በኮምቦልቻ ግቢዎች በሚያስተምረው በወሎ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በሌላ በማናቸውም ተቋም የሚሠራ ነው፤ የተማሪዎች ቡድን በየዓመቱ ነባሮቹን እየሸኘ አዲስ ገቢዎችን ይተካል። በደህናው ጊዜ ይህ ቅብብሎሽ ችግር አይፈጥርም። አራተኛ ዓመቱ ሦስተኛ ዓመቱን፣ ሦስተኛ ዓመቱም ከሥሩ ያሉትን እያሳየ ልምድ ይተላለፋል።

በዚያን ጊዜ የአሜሪካ ኮሌጆችን ስፖርት የሚመራው ብሔራዊ ማኅበር፣ በአኅጽሮት «ኤንሲኤኤ»፣ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች በዋናው ቡድን እንዳይጫወቱ ይከለክል ነበር። ጀማሪዎቹ ለብቻቸው በተቋቋመ ቡድን ይሠለጥኑ ነበር። ስለዚህ ዋናው ቡድን በአንድ ጊዜ ቢጠፋ የሚተካው የጀማሪዎች ቡድን ብቻ ነበር። በማርሻል የደረሰውም ይኸው ነው።

የአውሮፕላን አደጋው

ማርሻል ከአደጋው በፊትም ጠንካራ ቡድን አልነበረም። በ1960ዎቹ መጨረሻ በተከታታይ 27 ጨዋታዎችን ሳያሸንፍ ቆይቷል። በ1969 ደግሞ ከተጫዋቾች ምልመላ ጋር በተያያዘ የደንብ ጥሰት ምክንያት ይወዳደርበት ከነበረው የመካከለኛው አሜሪካ ሊግ ተወግዷል። በ1970 በወጣቱ አሠልጣኝ በሪክ ቶሊ እየተመራ ራሱን ለማስተካከል እየሞከረ ነበር።

ኅዳር 5 ቀን 1963 ዓ.ም. (ኖቬምበር 14 ቀን 1970) ቡድኑ በኖርዝ ካሮላይና ግዛት ከኢስት ካሮላይና ጋር ተጫውቶ 17 ለ 14 ተሸነፈ። ማታውኑ በተከራየው ዲሲ-9 አውሮፕላን ወደ ሀንቲንግተን ተመለሰ። በዚያ የውድድር ዘመን ቡድኑ በአውሮፕላን የተጓዘው ያን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። አየሩ ዝናባማና ጭጋጋማ ነበር። አውሮፕላን ማረፊያው አብራሪዎች የሚወርዱበትን ከፍታ የሚያመለክት የተሟላ መሣሪያ አልነበረውም። አውሮፕላኑ ከሚገባው በታች ዝቅ ብሎ በመብረር ከማኮብኮቢያው አጠገብ ባለ ኮረብታ ላይ ከዛፎች ጋር ተጋጭቶ ወደቀ። የአሜሪካ መንግሥት መርማሪዎች አብራሪዎቹ ማኮብኮቢያውን ሳያዩ ከተፈቀደው ዝቅተኛ ከፍታ በታች መውረዳቸውን አረጋግጠዋል።

በአውሮፕላኑ ውስጥ የነበሩት 75 ሰዎች በሙሉ ሞቱ። ከእነርሱ 37ቱ ተጫዋቾች ነበሩ። የቀሩት አሠልጣኞች፣ የዩኒቨርሲቲው ሠራተኞች፣ የከተማው ነዋሪ የሆኑ ደጋፊዎችና የበረራ ሠራተኞች ናቸው። ከደጋፊዎቹ መካከል ሐኪሞችና የከተማው ታዋቂ ሰዎች ይገኙ ስለነበር ሐዘኑ ከግቢው አልፎ መላውን ከተማ ነካ። 70 ልጆች ከወላጆቻቸው ቢያንስ አንዱን ያጡ ሲሆን፣ 18ቱ እናትም አባትም አልቀረላቸውም። ማንነታቸው ተለይቶ ሊታወቅ ያልቻለ ስድስት ተጫዋቾች በከተማው ስፕሪንግ ሂል መቃብር በአንድነት ተቀብረዋል።

ቡድኑን እንደገና ማቋቋም

ከአደጋው በኋላ ዩኒቨርሲቲው የአሜሪካ እግር ኳስን ጨርሶ ይተው የሚል ሐሳብ ተነሥቶ ነበር። በመጨረሻ ግን ቡድኑ እንዲቀጥል ተወሰነ። ይህን ለማድረግ ሦስት ነገሮች ያስፈልጉ ነበር፤ አሠልጣኝ፣ ተጫዋችና የአጨዋወት ስልት።

አሠልጣኝ፦ በመጀመሪያ የተቀጠረው አሠልጣኝ ጥቂት ቀናት ብቻ ቆይቶ ሥራውን ተወ። በመጋቢት 1971 በኦሃዮ ግዛት የትንሹ ዉስተር ኮሌጅ አሠልጣኝ የነበረው ጃክ ሌንግየል ኃላፊነቱን ተቀበለ። በአደጋው ዕለት ለተጫዋቾች ምልመላ በመኪና በመጓዝ ላይ ስለነበረ የተረፈው ረዳት አሠልጣኝ ሬድ ዳውሰን አንድ ዓመት አብሮት ሠርቶ ከሥራው ለቀቀ።

ተጫዋች፦ ከዋናው ቡድን የቀሩት በጉዳት ወይም በሌላ ምክንያት ያልተጓዙ ጥቂት ተጫዋቾች ናቸው። ከእነርሱ አንዱ ክንዱ ተጎድቶ የነበረው ኔት ራፊን ሲሆን፣ በ1971 ከአምበሎቹ አንዱ ሆኗል። የ1970ው የጀማሪዎች ቡድን አባላት ወደ ሁለተኛ ዓመት አልፈው ዋናው ቡድን ውስጥ ገቡ። ይህም ስላልበቃ ኤንሲኤኤ ማርሻል የአንደኛ ዓመት ተማሪዎችን እንዲያሰልፍ ልዩ ፈቃድ ሰጠው። ክልከላው በመላው አገሪቱ የተነሣው በሚቀጥለው ዓመት በ1972 ነው። ከዚህም ሌላ ነፃ የትምህርት ዕድል ሳያገኙ በፍላጎታቸው የመጡ ተማሪዎችና ከሌሎች ስፖርቶች የተውጣጡ ነበሩ። ኳስ መቺው ብሌክ ስሚዝ ከመደበኛው እግር ኳስ የመጣ ተጫዋች ነበር።

የአጨዋወት ስልት፦ ሌንግየል መጀመሪያ ያሰበው በጉልበት ላይ የተመሠረተ ስልት ነበር። ልምምድ ሲጀመር ግን ልጆቹ ለዚህ አቅሙም ክብደቱም እንደሌላቸው አየ። ስለዚህ «ቪር» ወደሚባል ስልት ዞረ። በተለመደው አጨዋወት አጥቂው ወገን ከፊቱ ያሉትን ተከላካዮች በሙሉ ገፍቶ መንገድ ለመክፈት ይሞክራል። በቪር ግን አንድ ተከላካይ ሆን ተብሎ ሳይነካ ይተዋል። ኳሱን የያዘው መሪ ተጫዋች፣ «ኳርተርባኩ»፣ ያንን ተከላካይ ይመለከታል። ተከላካዩ ወደ ውስጥ ከሮጠ ኳሱን በውጭ በኩል ይዞ ይሄዳል፤ ወደ ውጭ ከወጣ ደግሞ በውስጥ በኩል ለሚሮጠው ጓደኛው ያቀብላል። በዚህ መንገድ የጉልበት ማነስ በከፊል በፍጥነትና በውሳኔ ይካካሳል።

ይህን ስልት ለመማር የማርሻል አሠልጣኞች ወደ ጎረቤታቸው ወደ ዌስት ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ሄዱ። የዚያ ቡድን አሠልጣኝ ቦቢ ቦውደን የልምምድ መመሪያዎቹንና የጨዋታ ፊልሞቹን ከፍቶ አሳያቸው። የዌስት ቨርጂኒያ ተጫዋቾችም የሞቱትን ለማሰብ በራስ ቁራቸው ላይ አረንጓዴ መስቀልና የማርሻልን ምሕፃረ ስም አድርገው ተጫውተዋል።

የ1971 የውድድር ዘመን

የማርሻል ቡድን መደበኛ ስም «ተንደሪንግ ኸርድ» ነው፤ ምድሩን እያንቀጠቀጠ የሚጋልብ የጎሽ መንጋ ማለት ነው። የዚያ ዓመቱ ቡድን በተጫዋቾቹ ዕድሜ ምክንያት «ወጣቱ ተንደሪንግ ኸርድ» ተባለ።

ቡድኑ መስከረም 7 ቀን 1964 ዓ.ም. (ሴፕቴምበር 18 ቀን 1971) ባደረገው የመጀመሪያ ጨዋታ በሞርሄድ ስቴት 29 ለ 6 ተሸነፈ። ከሳምንት በኋላ መስከረም 14 ቀን ከአደጋው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በሜዳው ተጫወተ። ተጋጣሚው ከሲንሲናቲ ከተማ የመጣው የዜቪየር ዩኒቨርሲቲ ቡድን ነበር። ማርሻልን መሪ ያደረገው ብሌክ ስሚዝ በእግሩ ያስቆጠረው ፊልድ ጎል ነው። ጨዋታው ሊያበቃ ሲል ግን ዜቪየር 13 ለ 9 ይመራ ነበር። በመጨረሻው ሙከራ የሁለተኛ ዓመቱ ተማሪ ሬጂ ኦሊቨር ለአንደኛ ዓመቱ ተማሪ ለቴሪ ጋርድነር አጭር ኳስ ወረወረለት፤ ጋርድነርም ከ13 ያርድ ርቀት ሮጦ ታችዳውን አስቆጠረ። ሰዓቱ አልቆ ስለነበር ውጤቱ 15 ለ 13 ሆኖ ተመዘገበ። ከአንድ ዓመት በፊት በነበረው ደንብ ቢሆን ኖሮ ጋርድነር ሜዳ ሊገባ አይፈቀድለትም ነበር።

ይህ ድል ቡድኑ ዳነ ማለት አልነበረም። በሚቀጥለው ሳምንት በማያሚ ዩኒቨርሲቲ (ኦሃዮ) 66 ለ 6 ተሸነፈ። የውድድር ዘመኑ ሁለተኛና የመጨረሻ ድል የተገኘው ቦውሊንግ ግሪንን 12 ለ 10 በማሸነፍ ነው። ከዚያ ውጭ የነበሩት ጨዋታዎች በሽንፈት ተጠናቀዋል፤ አንዳንዶቹም አንድ ነጥብ እንኳ ሳይቆጠርባቸው።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ዓመታት

ሌንግየል ማርሻልን ለአራት ዓመታት አሠልጥኖ 9 አሸንፎ በ33 ተሸንፎ በ1974 ለቀቀ። ቡድኑ ካሸነፋቸው ጨዋታዎች የተሸነፈባቸው ያነሱበትን የውድድር ዘመን ያገኘው በ1984 ነው፤ አደጋው ከደረሰ 14 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ግን እድገቱ ፈጣን ነበር። በ1992 እና በ1996 በሁለተኛው እርከን የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆነ። በ1999 ወደ ከፍተኛው እርከን ካለፈ በኋላ 13 ጨዋታዎችን በሙሉ አሸነፈ።

ይህ ቅደም ተከተል በወጣቶች ቡድን መገንባት ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድ ያሳያል። የ1971ዱ ልጆች የኋለኞቹን ዋንጫዎች አላነሡም፤ አብዛኞቹም እየተሸነፉ ተመርቀው ወጡ። ሆኖም በዚያ ዓመት ቡድኑ ተበትኖ ቢሆን ኖሮ በ1992 ዋንጫ የሚያነሣ ቡድን አይኖርም ነበር።

ተመሳሳይ ታሪኮች

በስፖርት ታሪክ በአውሮፕላን አደጋ የተጎዱና በወጣቶች የተተኩ ሌሎች ቡድኖችም አሉ። የጣሊያኑ ቶሪኖ በግንቦት 1949 በሱፐርጋ ኮረብታ ዋናውን ቡድኑን ካጣ በኋላ የቀሩትን አራት ጨዋታዎች በወጣት ቡድኑ ተጫወተ። ተጋጣሚዎቹም ለክብሩ ሲሉ ወጣቶቻቸውን አሰለፉ። የእንግሊዙ ማንቸስተር ዩናይትድ በፌብሩዋሪ 1958 በሙኒክ ስምንት ተጫዋቾቹን አጥቶ፣ ከአሥር ዓመት በኋላ በ1968 የአውሮፓን ዋንጫ አነሣ።

ለኢትዮጵያ ተመልካች ቅርብ የሆነው የዛምቢያ ብሔራዊ ቡድን ታሪክ ነው። ቡድኑ በኤፕሪል 1993 ጋቦን የባሕር ዳርቻ አጠገብ በደረሰ የአውሮፕላን አደጋ 18 ተጫዋቾቹን አጣ። በሚቀጥለው ዓመት በአዲስ ተጫዋቾች ለአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ቢደርስም በናይጄሪያ 2 ለ 1 ተሸነፈ። ዋንጫውን ያገኘው በ2012 ነው፤ ያውም አደጋው በደረሰባት በጋቦን። ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ በተመለሰችበት በ2013 የመጀመሪያ ተጋጣሚዋ ይኸው ሻምፒዮን የነበረ ሲሆን፣ አዳነ ግርማ ባስቆጠረው ጎል አንድ እኩል ተለያይተዋል።

መታሰቢያ

በማርሻል ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ሃሪ በርቶያ የተባለው ቀራጺ የሠራው የመታሰቢያ ፏፏቴ ኅዳር 3 ቀን 1965 ዓ.ም. (ኖቬምበር 12 ቀን 1972) ተመርቋል። አደጋው በደረሰበት ዕለት በየዓመቱ የመታሰቢያ ሥርዓት ይደረጋል፤ የሟቾቹ ስም ይጠራል፤ የፏፏቴውም ውኃ ይዘጋል። ተመልሶ የሚከፈተው ክረምታቸው ሲያልፍ ነው። የቡድኑ ታሪክ በ2006 በፊልም የተሠራ ሲሆን፣ ተዋናዩ ማቲው ማኮናሄ አሠልጣኝ ሌንግየልን ሆኖ ተጫውቷል።