ድርብ የሚመስለው ሳንቲም

ዛሬ አዳማ ላይ ባጃጅ የሚሳፈር ሰው ስሙኒም ሆነ ሽልንግ ከኪሱ አያወጣም፤ ዝርዝር ማለት ባለ አንድ ብሩ ሳንቲም ሆኗል። የቆዩት ግን በየቤቱ መሳቢያና ጣሳ ውስጥ አሉ። ከመካከላቸው ፊደሉ ሁለት ሁለት ሆኖ የሚታይ ሲገኝ «ስሕተት ያለበት ነው፣ ብዙ ያወጣል» የሚል ወሬ ወዲያው ይነሣል። በዚህ ወሬ ተታሎ ገንዘቡን የሚያወጣ ሰው ያሳዝነኛል፤ ለመለየት አጉሊ መነጽርና ትዕግሥት ይበቃል።

ሳንቲም የሚቀረጸው ጠፍጣፋ ክብ ብረት በሁለት ማህተሞች መካከል በኃይል ሲመታ ነው። ማህተሙ ጠብቆ ካልታሰረ፣ መትቶ ሲነሣ ሸርተት ይልና ገና የወጣውን ፊደል ጠርዙን ይዳምጠዋል። በብዛት የሚገኘው ይህ ነው። በየአገሩ ማምረቻ የሚያጋጥም ስለሆነ ሰብሳቢዎች እምብዛም ዋጋ አይሰጡትም።

እውነተኛው ድርብ የሚጀምረው ከዚያ በፊት፣ ማህተሙ ራሱ ሲሠራ ነው። ምስሉ ማህተሙ ላይ ሁለት ጊዜ ሲታተም በመካከሉ ዝንፍ ካለ፣ ከዚያ ማህተም የሚወጣው ሳንቲም ሁሉ ያንኑ ድርብ ይዞ ይወጣል። በ1955 እ.ኤ.አ. ፊላደልፊያ የተመታው የአሜሪካ አንድ ሳንቲም በዚህ ዝነኛ ነው፤ ዓመቱና ጽሑፉ ያለ መነጽር እንኳ ድርብ ሆኖ ይታያል።

እስቲ በ1969 ዓ.ም. የወጣውን አሥር ሳንቲም አንሥተው በመስኮት ብርሃን እያዘነበሉ፣ አንበሳው ባለበት ገጽ «ኢትዮጵያ» ከሚለው ላይ «ጵ»ን ይመልከቱ። ጥላው ዝቅ ያለ ጠፍጣፋ እርከን ከሆነ፣ ፊደሉም በዚያው ልክ ከቀጠነ፣ ማህተሙ ሸርተት ብሏል ማለት ነው። ሁለተኛው መስመር እንደ መጀመሪያው ከፍና ክብ ብሎ ከወጣ፣ ጫፉም ላይ ሁለቱ የሚለያዩበት ቀጭን ስንጥቅ ካለ ግን ሳንቲሙን ለብቻው ያስቀምጡት። በአሸዋም በሎሚም አይፈትጉት፤ መለያው ምልክት አብሮ ይጠፋል።

«ብረቱ የተሳሳተ ነው» ተብሎ የሚቀርበውም መጣራት አለበት። የ1969ኙን ስሙኒ ማግኔት አይስበውም፤ በኋላ የወጣውን ግን ይስበዋል፣ ውስጡ ብረት ሆኖ ላዩ ብቻ ስለተለበጠ። ይህ ሆን ተብሎ የተደረገ ለውጥ እንጂ ስሕተት አይደለም።

የአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ስሙኒም እንዲሁ ያደናግራል። መጀመሪያ ክብ ነበር። ከመዳብ የተሠራ ቢሆንም መጠኑ ከብሩ ሽልንግ ጋር ስለሚቀራረብ፣ አታላዮች ነጭ እየቀቡ በሽልንግ ዋጋ ያሳልፉት ጀመር። በዚህ ምክንያት ጠርዙ እንደ አበባ ቅጠል ሞገድ ሞገድ እንዲሆን ተደረገ። ሁለቱም ላይ የተጻፈው 1936 ዓ.ም. ነው፤ ሞገዳሙን ያየ ሰው ጠርዙ የተበላሸ ቢመስለው አይፈረድበትም።