ሳቹሬሽን 99 ነው፤ ታዲያ ምን ነካው?

ሰኞ ጠዋት፣ የመጀመሪያው ኬዝ። የቡአ ኦፕራሲዮን ነው። ስፓይናሉ አልያዝ ስላለ ሃሎቴን ሰጥቼዋለሁ፣ በራሱ ይተነፍሳል። ካፕኖግራፍ የለንም። ከግማሽ ሰዓት በኋላ የልብ ምቱ ከ84 ተነስቶ 126 ገባ፣ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ፣ ሰርጀኑም «ዛሬ ደሙ አልቆም አለኝ» ይላል። ሳቹሬሽን ግን 99! ሕመም ተሰምቶት ነው ብዬ ሃሎቴኑን ልጨምር እጄን ሰደድኩ።

እንኳንም አልጨመርኩት።

በትንፋሽ የሚሰጡ ማደንዘዣዎች፣ ሃሎቴንም አይሶፍሉሬንም፣ የአንጎልን ንቃት ብቻ አይደለም የሚወስዱት። ነቅተን ሳለን ካርቦንዳይኦክሳይድ ትንሽ ከፍ ሲል አንጎል «ተንፍስ!» ብሎ ያስገድደናል። በማደንዘዣ ውስጥ ይህ ትእዛዝ ይለዝብና ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ያልወጣው ጋዝ ከውሃ ጋር ተዋሕዶ ካርቦኒክ አሲድ ይሆናል። በደም ውስጥ ያለው የካርቦንዳይኦክሳይድ ግፊት ከ40 ወደ 80 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ቶሎ ከወጣ፣ 7.4 የነበረው የደም ፒኤች 7.1 አካባቢ ይወርዳል። ኦክስጅን እየሰጠነው ስለሆነ ሳቹሬሽኑ ይህን ሁሉ አያውቅም።

የእኔው ሰው ላይ ሌላም ነገር ነበር። ሶዳ ላይሙን ጠዋት ሳየው ነጭ ስለነበር ደህና ነው ብዬ አለፍኩት። ለካ ያለቀለት ሶዳ ላይም ሐምራዊ ሆኖ አምሽቶ ሲያርፍ ነጭነቱ ይመለሳል፤ ጉልበቱ ግን አይመለስም። ጣሳውን ስዳስሰው ቀዝቃዛ። የሚሠራ ቢሆን ጋዙን ሲውጥ ይሞቅ ነበር። ታካሚው ያስወጣውን መልሶ እየሳበ ነው ማለት ነው።

ፍሬሽ ጋዙን ከፍ አድርጌ በባጉ በእጄ ተነፈስኩለት። ትንሽ ቆይቶ ምቱ ወደ 90 ተመለሰ። ሃሎቴን ጨምሬ ቢሆን ኖሮ የደከመውን ትንፋሽ ጭራሽ አዳክመው ነበር፤ ካርቦንዳይኦክሳይድ ሲከማች አድሬናሊን ይበዛል፣ ያኔ ደግሞ ሃሎቴን የልብን ምት ያዛባል።

ተቃራኒውም አለ። ስኳሩ ወጥቶ ኬቶአሲዶሲስ ውስጥ የገባ ታካሚ ለድንገተኛ ኦፕራሲዮን ሲመጣ በረጅሙና ቶሎ ቶሎ ሲተነፍስ ታዩታላችሁ። አሲዱን በሳንባው እየገፋ ነው። አስተኝተን ቬንትሌተሩን እንደ ማንኛውም ሰው በደቂቃ 12 ላይ ካደረግንበት ያቺኑ መከላከያውን ቀማነው። እኔ ከማስተኛቴ በፊት ሰዓቴን ይዤ ትንፋሹን እቆጥራለሁ። 30 ከሆነ ቬንትሌተሩን 12 ላይ አልተወውም።